ውኃ ቢያንቅ በምን ይዋጣል? የመክሰስ ፈቃድና የበላይ ፍርድ ቤት ሥልጣን

«እህል ቢያንቅ በውኃ ይዋጣል፤ ውኃ ቢያንቅ በምን ይዋጣል?» ይላሉ አበው። ተረቱ ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው ዳኛ ነው። ሰው ሰውን ቢበድል ወደ ዳኛ ይኬዳል፤ ዳኛው ራሱ የበደለ እንደሆነስ ወዴት ይኬዳል? የጥንቱ ሙግተኛ መልሱን ያውቀው ነበር። በአጥቢያው ዳኛ ፍርድ ያልረካ ሰው «ይግባኝ!» ብሎ ከአንዱ ችሎት ወደ ሌላው እየወጣ በመጨረሻ ከዙፋን ችሎት ይደርስ ነበር። ስንቁን በአገልግል፣ ነገሩን በልቡ ይዞ ያን ሁሉ መንገድ የሚጓዘው የበላዩ ዳኛ የበታቹን ስሕተት ሊያይና ሊያርም ይችላል ብሎ ስለሚያምን ነው። «የተበደለ ከነጋሽ፣ የተጠማ ከፈሳሽ» የሚለው አባባልም ከዚሁ እምነት የፈለቀ ነው።

ይሁን እንጂ ይግባኝ ሲባል ሁሉም ሰው የሚያስበው የመጨረሻውን ፍርድ ነው፤ እስራቱን፣ መቀጮውን፣ የተወሰደውን ቤት ወይም መሬት። ከፍርድ በፊት ወይም ከፍርድ ጎን የሚሰጡት ትእዛዞች ግን ከፍርዱ ባልተናነሰ የሰውን ኑሮ ሊያናጉ እንደሚችሉ ልብ የሚል ጥቂት ነው። ከእነዚህ አንዱ የመክሰስ ፈቃድ ነው። አንድ ፍርድ ቤት በፊቱ የቆመ ተከራካሪ ወይም ምስክር በሐሰት መስክሯል፣ ወይም ሐሰተኛ ሰነድ አቅርቧል ብሎ ሲያምን ሰውየው በወንጀል እንዲከሰስ በሩን ይከፍታል። ፍርድ ቤቱ በሩን ካልከፈተ ደግሞ ማንም ሰው በዚያ ጉዳይ ክስ ሊያቀርብ አይችልም። ታዲያ ይህን በር የሥር ፍርድ ቤት ያለ አግባብ ሲከፍተው የበላዩ ሊዘጋው፣ ያለ አግባብ ሲዘጋውስ የበላዩ ሊከፍተው ይገባል ወይስ አይገባም?

አይገባም የሚሉ ወገኖች አሉ። ፈቃዱ ፍርድ አይደለም፤ ማንንም ጥፋተኛ አያደርግም፤ ስለዚህ በእርሱ ላይ ይግባኝ ማለት ጊዜ ማባከን ነው ይላሉ። ይህ አነጋገር ላይ ላዩን ሲያዩት ብልህነት ይመስላል። ወደ ውስጥ ገብተው ሲመረምሩት ግን የፍትሕን ደጃፍ ያለ ዘበኛ የሚተው ሆኖ ይገኛል።

የአንድ ቃል ሁለት ፊት

በእንግሊዝኛ ይህ ፈቃድ «ሳንክሽን» ይባላል። ቃሉን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ከመጀመሪያው እርምጃ ይሰናከላል። የጋዜጣ አንባቢ «ሳንክሽን» ሲሰማ ወደ ሐሳቡ የሚመጣው ማዕቀብ ነው፤ አንድን መንግሥት ለመቅጣት የሚጣል እገዳ። በሕግ ትምህርት መጻሕፍት ደግሞ ቃሉ ሕግን የተላለፈ ሰው የሚደርስበትን ቅጣት ያመለክታል። በሕንድ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ውስጥ ግን ፈቃድ ማለት ነው። ሥሩ ላቲን ሲሆን መቀደስን፣ ማጽናትንና በሕግ ኃይል ማሰርን የሚያመለክት ነው። ፈቃድም ቅጣትም ከአንድ ግንድ የበቀሉ ቅርንጫፎች ናቸው።

ለተርጓሚ ራስ ምታት የሆነው ይህ መንታ ትርጉም ለሕግ አዋቂ ማስጠንቀቂያ ሊሆነው ይገባል። በወረቀት ላይ «ፈቃድ» ተብሎ የተጻፈው ነገር በተሸናፊ ባላጋራ ራስ ላይ ሲወርድ ቅጣት ይሆናልና። ጠበቃ መቅጠር፣ ዋስ መጥራት፣ በየቀጠሮው መመላለስ፣ ከሥራ መታገድ፣ በጎረቤት ዘንድ «ሐሰተኛ» መባል፤ እነዚህ ሁሉ የሚመጡት ዳኛ «ጥፋተኛ ነህ» ከማለቱ በፊት ነው። በሰው አገር የሚኖር ሰው ደግሞ የመኖሪያ ፈቃዱን ሊያሳድስ ሲሄድ የተከፈተ የወንጀል ክስ እንዳለበት ቢታወቅ ምን ሊገጥመው እንደሚችል በናይሮቢም በካርቱምም የኖረ አንባቢ አይነገረውም። ፈቃዱ ፍርድ አይደለም የሚለው ክርክር የቃሉን አንዱን ፊት ብቻ ያየ ክርክር ነው።

ከካልካታ እስከ ምሥራቅ አፍሪካ

የነገሩን አመጣጥ ማወቅ ይጠቅማል። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1898 የወጣው የሕንድ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 195 ሥር እንዲህ ያለ ሥርዓት ዘርግቶ ነበር። በፍርድ ሂደት ውስጥ ለሚፈጸሙ እንደ ሐሰተኛ ምስክርነትና የሐሰት ክስ ላሉ ወንጀሎች፣ እንዲሁም ተከራካሪ ወገን በማስረጃነት ካቀረበው ሰነድ ጋር ለተያያዘ የሐሰት ሥራ፣ ጉዳዩ የታየበት ፍርድ ቤት ወይም የበላዩ አስቀድሞ ካልፈቀደ ወይም ራሱ አቤቱታ ካላቀረበ በስተቀር ማንኛውም ፍርድ ቤት ክሱን ሊቀበል አይችልም ነበር።

የዚህ ገደብ ዓላማ ግልጽ ነው። በፍትሐ ብሔር የተሸነፈ ሁሉ «የረታኝ በሐሰት ምስክር ነው» እያለ የወንጀል ክስ ቢመሠርት ሙግት ማብቂያ አይኖረውም። ምስክርም ነገ እንደሚከሰስ እያሰበ ዛሬ እውነቱን ለመናገር አይደፍርም። ስለዚህ ቁልፉ በባላጋራ እጅ ሳይሆን በዳኛ እጅ እንዲሆን ተደረገ። ሕግ አውጪው ግን ዳኛም ሰው መሆኑን አልረሳም። በዚያው አንቀጽ ንዑስ ቁጥር 6 ላይ፣ የተሰጠውንም ሆነ የተከለከለውን ፈቃድ የበላዩ አካል ሊሽረው ወይም ሊሰጠው እንደሚችል ደነገገ። ፈቃዱ ከስድስት ወር በላይ እንዳይጸናም ወሰነ። የበላዩ ማን እንደሆነ ሲገልጽም ከሥር ፍርድ ቤቱ ይግባኝ በተለምዶ የሚቀርብለት ፍርድ ቤት ነው አለ።

ይህ ሁሉ ለምሥራቅ አፍሪካ ሩቅ ታሪክ አይደለም። እንግሊዞች በ1897 ባወጡት ድንጋጌ የሕንድን ሕጎች ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ግዛታቸው አመጡ። በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንጋኒካ በ1930 አዳዲስ የወንጀለኛ መቅጫ ሕጎች እስኪተኩት ድረስ ሰው የሚቀጣው በሕንዱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነበር። በእንግሊዝ ሶማሌላንድም የሕንድ የወንጀል ሕጎች ይሠራባቸው ነበር። የሱዳን የ1899 ሕጎችም ከዚያው ምንጭ የተቀዱ ናቸው። ኢትዮጵያም ብትሆን በቅኝ ባትገዛም ከዚህ ጅረት ጨርሶ አልራቀችም። በ1954 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በማዘጋጀት ትልቅ ድርሻ የነበራቸው ሰር ቻርልስ ማቲው ቀደም ሲል የማላያ ዋና ዳኛ ነበሩ፤ የማላያ ሥነ ሥርዓት ደግሞ የሕንዱ ልጅ ነው። እንግዲህ የዚህ ቀንድና የዚህ ዳርቻ ችሎቶች የውኃ ልካቸውን ከአንድ ቤት የተዋሱ ጎረቤታሞች ናቸው ማለት ይቻላል።

ሁለት ነጋዴዎች፣ አንድ ደረሰኝ

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። ሁለት ነጋዴዎች አሉ እንበል። አንደኛው «ብሩን ከፍያለሁ፤ ደረሰኙም ይኸው» ይላል። ሁለተኛው «ፊርማው የእኔ አይደለም» ብሎ ይክዳል። የሥር ፍርድ ቤቱ ሁለቱን አከራክሮ ደረሰኙ ሐሰተኛ ነው ሲል ይወስናል፤ ከፋዩም ዕዳውን ዳግመኛ እንዲከፍል ያዝዛል። በዚህ ሳያበቃ በሐሰተኛ ሰነድ መገልገል እንዲከሰስ ፈቃድ ይሰጣል። ከፋዩ በፍትሐ ብሔሩ ፍርድ ላይ ይግባኝ ይላል። የበላዩ ፍርድ ቤት መዝገቡን አስቀርቦ፣ ፊርማውን አስመርምሮ፣ ደረሰኙ እውነተኛ ነው ብሎ ፍርዱን ይገለብጣል።

ፈቃዱስ? የበላዩ ፍርድ ቤት ፈቃዱን የመሻር ሥልጣን ከሌለው አንድ ሰው በአንድ ከተማ፣ በአንድ ሳምንት፣ በአንዱ ችሎት እውነተኛ የተባለለትን ሰነድ በሌላው ችሎት «ሐሰተኛ ሠርተሃል» ተብሎ ይከሰስበታል። ሕጉ ከራሱ ጋር ይጣላል። ከእንግዲህ ያ ሰው «በሕግ አምላክ» ሲባል ቆሞ የሚሰማበት ምን ምክንያት ይኖረዋል?

አሁን ምሳሌውን ገልብጠን እንየው። ደረሰኙ በእርግጥ ሐሰተኛ ነው፤ የሥር ዳኛውም ሐሰተኛ መሆኑን በፍርዱ ላይ ጽፏል። ነገር ግን ደረሰኙን ያቀረበው ሰው ባለጸጋና ባለ ዘመድ ነው። ተበዳዩ የመክሰስ ፈቃድ ሲጠይቅ ዳኛው «ነገሩ አልቋል፤ በፍትሐ ብሔር ረትተሃልና ይበቃሃል» ብሎ ይመልሰዋል። ተበዳዩ በገዛ ራሱ እንዳይከስ ሕጉ እጁን አስሮታል። ፖሊስ ጣቢያ ቢሄድ፣ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ቢሄድ፣ ቁልፉ በአንድ ሰው ኪስ ውስጥ ነው። የበላዩ ፍርድ ቤት የተከለከለውን ፈቃድ መስጠት ካልቻለ ገደቡ ምስክሮችን መጠበቂያ መሆኑ ቀርቶ የአጭበርባሪዎች መሸሸጊያ ይሆናል።

የ1898ቱ ሕግ ይህን በሚገባ አይቶ ነበር። ለመሻርም ለመስጠትም ሥልጣን የሰጠው በሩ ሁለት ዓይነት ጥፋት ሊደርስበት እንደሚችል ስላወቀ ነው። የዛሬዎቹ ተቺዎች አንዱን ጥፋት ብቻ ያያሉ። ለተከሳሽ የሚቆረቆረው መሻሩን ብቻ ይወዳል፤ ለተበዳይ የሚቆረቆረው መስጠቱን ብቻ። ሚዛን ግን ሁለት ሳህን አለው።

ሦስት ክርክሮች

ይህን ሥልጣን የሚቃወሙ ሰዎች በአብዛኛው ሦስት ነገር ያነሣሉ።

አንደኛው የዳኛ ክብር ነው። ምስክሩን በዓይኑ ያየው፣ ድምፁ ሲንቀጠቀጥ የሰማው፣ ላቡ ሲንጠባጠብ የታዘበው የሥር ዳኛ ነው፤ ከወረቀት በቀር ምንም ያላየ የበላይ ዳኛ እንዴት ያርመዋል ይላሉ። ክርክሩ ክብደት አለው። ሆኖም ዳኛው ፈቃድ ሲሰጥ የሚወስነው ምስክሩ ዋሽቷል ወይስ አልዋሸም የሚለውን ብቻ አይደለም። ሰውየውን መክሰስ ለፍትሕ ጥቅም ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚለውንም ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ከላብና ከድምፅ አይፈታም። ይልቁንም ምስክሩ ፊት ለፊት የዋሸው ዳኛ ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ ያነሰ ገለልተኛ ሊሆን ይችላል። የተዋሸ ሰው ይቆጣል፤ ካባ መልበስ ቁጣን አያጠፋም። ቁጣው በበረደበት ክፍል ነገሩ ዳግመኛ ቢታይ ለዳኛው ውርደት ሳይሆን መከታ ነው።

ሁለተኛው ክርክር መከሰስ መፈረድ አይደለም የሚለው ነው። ተከሳሹ ንጹሕ ከሆነ በክሱ ላይ ይከላከል፤ ነጻ ይወጣል፤ ከዚያ በፊት ይግባኝ ምን ያደርግለታል ይባላል። መልሱ ከላይ ተነግሯል፤ ክሱ ራሱ የሚያደርሰው ጉዳት በነጻ መለቀቅ አይካስም። ከዚህም በላይ የወንጀሉን ክስ የሚያየው ዳኛ አቤቱታው የመጣው ከሌላ ፍርድ ቤት መሆኑን ያውቃል። ጎረቤት ያቀረበው ክስና የፍርድ ቤት ማኅተም ያረፈበት ክስ በዳኛ ፊት እኩል አይመዝኑም። ሕጉ እኩል ናቸው ቢልም የሰው ልብ እኩል አያደርጋቸውም። ተከሳሹ ችሎት የሚገባው ግማሽ መንገድ ተፈርዶበት ነው።

ሦስተኛው ክርክር መዘግየት ነው። ይህ ከሦስቱ የሚበረታው ሲሆን ታሪክም ይደግፈዋል። በ1898ቱ ሥርዓት ፈቃዱ የሚሰጠው ለባላጋራው ነበር። ባላጋራው ስድስት ወር ሙሉ እንደ ቢላዋ በኪሱ ይዞት ሊዞር፣ «ካልታረቅኸኝ እከስሃለሁ» እያለ ሊያስፈራራበት ይችላል። በላይ በላዩም የሥር ፍርድ ቤት የከለከለውን መካከለኛው ሲሰጥ ወደ ሦስተኛው መሄድ ይቻላል ወይስ አይቻልም በሚለው ላይ የሕንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች እርስ በርሳቸው ይለያዩ ነበር። ሙግት በሙግት ላይ፣ ይግባኝ በይግባኝ ላይ ተደራረበ።

ነገር ግን ይህ ታሪክ የሚያስተምረው ሥልጣኑ ይሻር የሚለውን አይደለም። በ1923 የሕንድ ሕግ አውጪዎች ሕጉን ሲያሻሽሉ ያደረጉትን መመልከት ይበቃል። የግል ፈቃዱን አስቀሩ፤ በምትኩ ፍርድ ቤቱ ራሱ በጽሑፍ አቤቱታ እንዲያቀርብ አደረጉ። ቢላዋው ከባላጋራው ኪስ ወጣ ማለት ነው። የበላይ ፍርድ ቤቱን ሥልጣን ግን አላስቀሩትም። በአዲስ አንቀጽ፣ አቤቱታ የቀረበበትም ሆነ አቤቱታ ይቅረብልኝ ብሎ የተከለከለ ሰው ይግባኝ እንዲል ፈቀዱ። መዘግየትን የተዋጉት ይግባኙን በመግደል ሳይሆን ልክ በማበጀት ነው።

የቀረው ቀዳዳ

ይኸው ሥርዓት በሕንድ የ1973ቱ ሕግ አንቀጽ 340 እና 341 ውስጥ ቀጠለ። ከሐምሌ 1 ቀን 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው አዲሱ የሥነ ሥርዓት ሕግም ቁጥሩ ተለውጦ በአንቀጽ 379 እና 380 ይገኛል። አንድ ይግባኝ ይፈቀዳል፤ የበላዩ ፍርድ ቤት ለባለጉዳዮቹ ማስታወቂያ ሰጥቶ አቤቱታው እንዲነሣ ወይም እንዲቀርብ ያዝዛል፤ ያ ትእዛዝ የመጨረሻ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀ ድንጋጌ የቆየው ስለሚጠቅም ነው።

ሆኖም ሁለት ቀዳዳ ቀርቶታል፤ ሁለቱም መደፈን አለባቸው።

የመጀመሪያው የመሰማት ጉዳይ ነው። የሥር ፍርድ ቤት አቤቱታ ከማቅረቡ በፊት ሊከሰስ የታሰበውን ሰው መስማት አለበት ወይ? በሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውስጥ በዚህ ላይ የተለያዩ አነጋገሮች ነበሩ። በ2022 ግን ሦስት ዳኞች የተሰየሙበት ችሎት ቅድመ ምርመራ ማድረግም ሆነ ሰውየውን መስማት ግዴታ አይደለም ሲል ወሰነ። እንግዲህ ልብ ይሏል። በይግባኙ ደረጃ ለባለጉዳዮች ማስታወቂያ መስጠት በሕጉ ተጽፏል፤ በመጀመሪያው ደረጃ ግን ሰውየው ሳይሰማ ሊወሰንበት ይችላል። ከዚህ የሚከተለው አንድ ነገር ነው፤ ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን የሚከፍተው በበላዩ ፍርድ ቤት ፊት ነው። ይግባኝ ትርፍ ነገር ነው ለሚሉ ከዚህ የበለጠ መልስ አይገኝም። በሥር ያልተሰማ ሰው በላይም እንዳይሰማ ማለት ጨርሶ አይሰማ ማለት ነው። የተሻለው መንገድ ግን ከመነሻው መስማት ነው። ማንንም ሰው «ሐሰተኛ ነህ» ከማለት በፊት «ምን ትላለህ?» ብሎ መጠየቅ ግማሽ ቀን እንኳ አይፈጅም።

ሁለተኛው ቀዳዳ ከፍታ ነው። የይግባኙ መብት የተሰጠው ከከፍተኛ ፍርድ ቤት ውጭ ባሉ ፍርድ ቤቶች ትእዛዝ ላይ ነው። ከፍተኛ ፍርድ ቤቱ ራሱ በመጀመሪያ ደረጃ አንድን ሰው ይከሰስ ብሎ አቤቱታ ቢያቀርብ በዚህ አንቀጽ መሠረት ይግባኝ የለም። ሰውየው የሚቀረው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ልዩ ፈቃድ መለመን ነው፤ ያም ምሕረት እንጂ መብት አይደለም። ዳኛው ከፍ ባለ ቁጥር ይግባኙ እየጠበበ ይሄዳል ማለት ነው። ውኃ ሲያንቅ ማለት ይህ ነው። ከፍተኛ ዳኛ አይሳሳትም ብሎ የሚያምን ሰው ካለ ከፍተኛ ዳኞች ራሳቸው ያን እምነት አይጋሩትም። ይግባኝ ሰሚ ችሎት በአንድ ዳኛ ፋንታ በብዙ ዳኞች የሚሰየመው አንዱ ዓይን የሳተውን ሌላው እንዲያየው ነው።

ደግነቱ የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሌላ አቅጣጫ አንድ መልካም ነገር አድርጓል። በ2005 አምስት ዳኞች የተሰየሙበት ችሎት የሰነዱን ገደብ አጠበበ። የሐሰት ሥራው የተፈጸመው ሰነዱ ፍርድ ቤት ከቀረበና በፍርድ ቤቱ ጥበቃ ሥር ከዋለ በኋላ ካልሆነ በስተቀር ተበዳዩ በራሱ ሊከስ ይችላል አለ። ሰነዱ ቤት ውስጥ ተፈብርኮ ኋላ ችሎት ስለቀረበ ብቻ ተበዳይ ቁልፍ ፍለጋ ሊንከራተት አይገባም ማለቱ ነው። ይህ የሚያሳየው ገደቡ በራሱ ቅዱስ እንዳልሆነ ነው። ገደቡ የቆመው ለፍትሕ ነው፤ ፍትሕን ሲያደናቅፍ መጥበብ አለበት፤ በማይጠብበት ቦታ ደግሞ በላዩ ላይ የሚያይ ዓይን ያስፈልገዋል።

የዚህ አካባቢ ድርሻ

በኬንያ ይህ ጥያቄ ሌላ ልብስ ለብሶ ይገኛል። የኬንያ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 88፣ ማጂስትሬት ለግል ሰው የመክሰስ ፈቃድ እንዲሰጥ ያስችለዋል። የ2010ሩ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 157 ደግሞ የዐቃቤ ሕግ ዋና ዳይሬክተሩ የጀመረውን ክስ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ እንዳያቋርጥ ከልክሎታል። በሩን መክፈትም መዝጋትም በማጂስትሬት እጅ ላይ ወድቋል። ከዚህ በላይ የሚያየው ዓይን አለ ወይ ቢባል፣ አለ። አንቀጽ 165 ለከፍተኛው ፍርድ ቤት በበታች ፍርድ ቤቶች ላይ የመቆጣጠር ሥልጣን ሰጥቶታል። የሥነ ሥርዓቱ ሕግም መዝገብ አስቀርቦ የማንኛውንም ውሳኔ፣ ቅጣት ወይም ትእዛዝ ትክክለኛነት እንዲመረምር ይፈቅድለታል። «ትእዛዝ» የሚለው ቃል በዚያ መኖሩ ትንሽ ነገር አይደለም፤ የመክሰስ ፈቃድም ትእዛዝ ነውና። ጠበቆች ይህን ሥልጣን እንደ ማዘግያ ብልሃት ብቻ ሲጠቀሙበት ማየት የሚያሳዝን ቢሆንም መድኃኒት አላግባብ ስለተወሰደ መድኃኒት ቤት አይዘጋም።

የኢትዮጵያ ነገር ከዚህ ይለያል፤ ትምህርቱ ግን ያው ነው። በኢትዮጵያ ሥርዓት የክስ ቁልፍ በዋነኛነት የተያዘው በዐቃቤ ሕግ ነው እንጂ በዳኛ አይደለም። ነገር ግን የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 የተከሰሱ ሰዎች ይግባኝ የማለት መብት በፍርድ ላይ ብቻ ሳይሆን በትእዛዝም ላይ እንደሆነ ይናገራል። የ1954 ዓ.ም. የሥነ ሥርዓት ሕግ በበኩሉ በአንቀጽ 184 በቀጠሮ፣ በመቃወሚያና በማስረጃ ተቀባይነት ላይ የሚሰጡ ውሳኔዎች ከዋናው ፍርድ በፊት ይግባኝ እንዳይባልባቸው ከልክሏል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሊታሰብበት የሚገባ ነው። የቀጠሮ መራዘምና የአንድ ሰው በወንጀል መከሰስ እኩል ክብደት የላቸውም። ለመጀመሪያው ዋናውን ፍርድ መጠበቅ ይቻላል፤ ለሁለተኛው ግን ጥበቃው ራሱ ቅጣት ነው። አዲስ ሕግ የሚያረቅ ሁሉ ይህን ልዩነት በቃል ሳይሆን በአንቀጽ ሊያስቀምጠው ይገባል።

እንግዲህ የሚጠየቀው ብዙ አይደለም። ሰው እንዲከሰስ በሩን የሚከፍት ወይም የሚዘጋ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሁሉ በበላይ ፍርድ ቤት አንድ ጊዜ ይታይ፤ ከአንድ በላይ ግን አይታይ። የበላዩ ሊሽርም ሊሰጥም ይቻለው። ሰውየው ከመጀመሪያው ደረጃ ይሰማ። ምክንያቱ ይጻፍ፤ የማይጻፍ ምክንያት ብዙውን ጊዜ የማይነገር ምክንያት ነው። ለይግባኙ አጭር የቀን ገደብ ይቀመጥ። ዋናው ሙግት በይግባኝ ላይ ሳለ የወንጀሉ ክስ ይቆይ፤ የሕንዱ ሕግ ይህን ለዳኛው ፈቃድ ትቶታል፤ ግዴታ ቢሆን ይሻላል። ከፍተኛ ፍርድ ቤትም ራሱ ከሳሽ በሆነ ጊዜ ከዚህ ውጭ አይሁን።

ሐሰተኛ ምስክር ሊቀጣ እንደሚገባ የሚጠራጠር የለም። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 19 በሐሰት የመሰከረ ሰው በወንድሙ ላይ ያሰበው በራሱ ላይ እንዲደረግ ያዝዛል። ነገር ግን ያው ምዕራፍ ከቅጣቱ በፊት ሁለቱ ባለ ነገሮች እንዲቆሙና ፈራጆች አጥብቀው እንዲመረምሩ ያዝዛል። መመርመር መቅጣትን ይቀድማል። የበላይ ፍርድ ቤት የመክሰስ ፈቃድን የማየት ሥልጣን ያ «አጥብቆ መመርመር» ነው። ደረሰኙን ይዞ በችሎት ደጃፍ የቆመው ነጋዴ ሐሰተኛም ሊሆን ይችላል፤ እውነተኛም ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ አንድ ሰው ብቻ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሳይሰማው እንዲወስንበት መተው ግን ለሐሰተኛውም ለእውነተኛውም ፍርድ አይደለም።